ባለቤቷን የምታውቅ ታንኳ

በሰባ አንድ ዓመቴ የቤት ሥራ ተመለሰብኝ። የመለሰብኝ የፍልስፍና መምህራችን ሕዝቅኤል ነው፤ በዕድሜ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል፤ በትሕትና ግን የሚስተካከለው የለም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ዐሥራ አራት ገጽ ጽፈዋል፤ እርስዎን ግን ፈልጌ አጣሁዎት» አለኝ።

የታዘዝነው ስላነበብነው ነገር የግል አስተያየታችንን እንድንጽፍ ነበር። ንባቡ ስለ አንዲት ጥንታዊ መርከብ ነው። ሳንቃዋ በተበላሸ ቁጥር እየተነቀለ በአዲስ ይተካል፤ በመጨረሻም አንድ የቀድሞ እንጨት አይቀርላትም። ታዲያ ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ? እኔ በአስተርጓሚነት ሠላሳ ዓመት ስዞር ያየሁትን ወደብ ሁሉ፣ ከዳካር እስከ ኮሎምቦ፣ አሰለፍሁ፤ የሊቃውንቱንም ቃል በየመስመሩ ደረደርሁ። ራሴ ምን እንዳሰብሁ ግን የትም አልጻፍሁም። እስከ ሰኞ ካላስተካከልሁት እወድቃለሁ፤ ከወደቅሁ ደግሞ በጡረታዬ የጀመርሁትን ሁለተኛ ዲግሪ በሐምሌ አልቀበልም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሳዲያም ወረቀቷ ተመልሶባታል። የእርሷ ጥፋት ማጠር ነው፤ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህ ጥያቄ መርከባቸው ለምትበረክትላቸው ሰዎች ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኋት።

«አባቴ ታንኳ ሠሪ አይደል? ነገ ይምጡና ራሱን ይጠይቁት።»

እሁድ ከሰዓት ከፋሲሎ ሰፈር በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። አባቷን አቶ አንዋርን የታንኳ መሥሪያውን ደንገል እየጠፈሩ አገኘናቸው። አንዲት ታንኳ ውሃዋ እንዲንጠፈጠፍ ዛፍ ተደግፋ ቆማለች፤ ሌላዋ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች።

«አንዲት ታንኳ ምን ያህል ታገለግላለች?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ እማማ። ጥቂት ወር ትሠራና ትከብዳለች፤ ያን ጊዜ ሌላ እንሠራለን።»

«ለራስዎ እስካሁን ስንት ሠሩ?»

«ለራሴ? አንድ።»

«እንዴት አንድ?»

«ካገባሁ ጀምሮ ያለችኝ ታንኳ ይችው ናት» አሉ፣ የምትንሳፈፈውን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

«ደንገሏም ገመዷም ስንት ጊዜ ተቀይሮ!»

«ይቀየር እንጂ። እኔ ግራ ጎኔ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግራዋን አወፍራታለሁ። መቀመጫዋም በእኔ ልክ ነው። ሌላ ሰው ቢቀመጥባት አትቀበለውም። እኔን እስካወቀች ድረስ ያችው ናት።»

«እኔ እኮ ስንት ባሕር የተሻገርሁ ሴት ነኝ» አልሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁባት።

«እማማ፣ ይተዉ!» ብላ ሳዲያ ጮኸች።

ታንኳይቱ ለአፍታ አሰበችበት። ከዚያ ወደ ቀኝ ዘንበል አለችና እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ አስቀመጠችኝ። አቶ አንዋር እጄን ይዘው እያወጡኝ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፤ ጠባይዋ ነው» አሉ። ሳዲያ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዙራ ነበር፤ ትከሻዋ ግን አጋለጣት።

ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እየደረቅሁ ደብተሬን አወጣሁና የአቶ አንዋርን ንግግር መጻፍ ጀመርሁ። ሳዲያ ብዕሬን ያዘች።

«አይሆንም! ይህን በወረቀቴ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከሊቃውንቱ ጫንቃ ወርደው አባቴ ላይ ሊወጡ ነው?»

«ታዲያ እኔ ምን ልጻፍ?»

«መውደቁ የእርስዎ አይደል?»

በዚያው ምሽት ስለ መውደቄ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። መርከቧን ከወደብ ቆሞ ለሚያያት ሰው ጉዳዩ የሳንቃ ነው፤ ለሚቀመጥባት ግን የመተዋወቅ ነው፤ እኔም ዐሥራ አራት ገጽ ሙሉ ወደብ ላይ ቆሜ ነበር አልሁ። ታንኳይቱ እንግድነቴን ለመለየት አንድ አፍታ በቃት፤ እኔ ግን ይህን ለመረዳት መራስ አስፈለገኝ።

ውጤቱ ሐሙስ ተለጠፈ፤ ሳዲያ ኤ፣ እኔ ቢ። ማለፌ ደስ ቢያሰኘኝም ነገሩ አልዋጥልሽ ቢለኝ መምህሩ ቢሮ ድረስ ሄጄ፣ «እኔ እኮ ውሃ ውስጥ ወድቄበታለሁ!» ስል አቤት አልሁ።

መምህር ሕዝቅኤል ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝና፣ «ልክ ነዎት፣ ወይዘሮ ሸዋዬ። ሳዲያ ግን ሳትወድቅ ገብቷታል» አለኝ።

ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ የምረቃ ጋውን ልለካ ሄድሁ።