አራተኛው ፎቶ

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሠርግና ልደት ቪዲዮ ስቆራርጥ ኖሬአለሁ፤ ቤተሰብ የሚባለውን ነገር ለኔ ማንም አይነግረኝም። ካሜራ ፊት ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ እኔ ዘንድ ሲመጡ ግን «እሷን አውጣልኝ፣ እሱን ቁረጥልኝ» ነው።

አንድ ኮንትራክተር ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ተሸክሞ መጣ። እናቱ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አእምሯቸው እየከዳቸው ስለሆነ ልጆቻቸውን የሚያስታውሳቸው ዲቪዲ ፈለገ። ዲቪዲው ሲከፈት ሜኑው ላይ የልጆቹ ፎቶ ይደረደራል፤ እናትየው በሪሞት አንዱን ሲጫኑ፣ ስለዚያ ልጅ በደህናው ጊዜ የተናገሩት ይመጣል። ሦስት ፎቶ ሰጠኝ፦ የራሱን፣ የሐኪሟ እህቱንና የባንክ ሠራተኛዋ እህቱን።

የሠራሁትን ሊያይ ሲመጣ ታናሽየዋ እህቱ ተከትላው መጣች። እናቷን አሥራ አንድ ዓመት ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ካሜራውንም ይዛ የቀረጸች እሷ ናት። ሜኑውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔስ?»

«አንቺ ቪዲዮው ውስጥ የት አለሽ?» አለ ስልኩን እየነካካ። «ፎቶሽን ብንለጥፈው፣ ስትጫነው ምን ይመጣል?»

«ሁሉንም እኮ የቀረጽኩት እኔ ነኝ!»

«እሱን ማን ካደ?»

ወደ እኔ ዞረች። «እባክህ ወንድሜ፣ ፈልግልኝ። እማዬ ስለ እኔ አንድ ነገር ሳትል አትቀርም። ስሜን ረስታዋለች፤ እዚያ ላይ ካየችኝ ምናልባት...» እንባዋ መጣ። እኔ ለቅሶ አልወድም፤ እሺ ብዬ ሸኘኋት።

ሦስት ቀን ሙሉ ካሴት ሳገላብጥ ዓይኔ ጠፋ። እጇ አለ፣ ጥላዋ አለ፣ «እማዬ፣ ወደዚህ እዪ» የሚል ድምፅዋ አለ። ፊቷ የለም። የመጨረሻው ካሴት ላይ ግን ካሜራውን ሳታጠፋ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣ፣ ለእንግዶች ሻይ ስታቀርብ አገኘኋት። ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትመለስ አንዲት እንግዳ «ይቺኛዋስ?» ብላ ጠየቀች።

እናትየው ያኔ ምላሳቸው እንደ ምላጭ ነበር። «እሷማ የልጅ ትራፊ ናት» አሉ። «ትምህርት እምቢ አላት፣ ባል እምቢ አላት። ደግነቱ እኔን ለማጠብ ዲግሪ አይጠየቅም!» ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ኮንትራክተሩም ከሳቂዎቹ አንዱ ነው።

ጠርቼ አሰማሁት። እንደገና ሳቀ።

«ድምፁን ላጥፋው?» አልኩት።

«ስለ እሷ ሌላ ያለችው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲህ ካልገባሁ ብላ ነፍሳችንን ያወጣችው ራሷ ናት። ይግባላት።»

ማጥፋት እችል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ሲጠይቀኝ ደንበኛው ስላዘዘኝ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሦስት ቀን ስላለፋችኝ ተናድጄባት ነበር።

የልደቱ ዕለት ማጫወቻውን ልገጥም ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። አራቱ ፎቶዎች ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጡ ታናሽየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አገኘኸኝ!» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» አጎንብሼ ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ።

እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ ሪሞቱን አስያዘቻቸው። «እማዬ፣ ይቺን ተጫኚ። ይቺ እኔ ነኝ።»

ተጫኑ። የልጅ ትራፊ የሚለው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ ከዚያ ዲግሪው፤ ከዚያ ሳቁ። ሐኪሟ መሬት መሬት አየች። ኮንትራክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ታናሽየዋ ፈገግታዋን ለመመለስ እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

እናትየው ግን ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

«ምን ያለች ጨዋታ አዋቂ ሴትዮ ናት!» አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ። ከዚያ ሪሞቱን ለታናሽየዋ ዘረጉላት። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ድገሚልኝ።»

በመሐረቧ እንባቸውን ጠረገችላቸውና ደገመችላቸው።