ዓርብ ዓርብ ወደ አቦ ጥድ

የካሣነሽ ቤት ወደ ዓርብ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። መኪና ብርቅ በነበረበት በጃንሆይ ዘመን ለብዙ ሰው ይህ በረከት ነው፤ ጨው የፈለገ ጨው፣ ወሬ የፈለገ ወሬ ከደጁ ያገኛል። ካሣነሽ ግን ዓርብ ባይመጣ ትመርጣለች። ገና ጎሕ ሲቀድ አህያ ነጂዎች አለንጋ እያጮሁ፣ ከወዲያ ማዶ እየተጠራሩ ይወርዳሉ። ልጇ የሺ ደግሞ ጩኸት አትችልም።

አትችልም ሲባል እንደማንኛውም ልጅ ትደነግጣለች ማለት አይደለም። አህያ ሲያናፋ ሁለት ጆሮዋን ደፍና ግንባሯን ከምሰሶው ጋር ታጋጫለች፤ እናቷ እጇን ጣልቃ ካላስገባች ደም እስኪወጣት አታቆምም። አዲስ ቀሚስ ሲያለብሷት ስፌቱ እንደ እሾህ ይወጋታል፣ አውልቃ ትወረውረዋለች። ወጥ የነካው እንጀራ አትቀምስም። ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምትናገረው ግን ከሁለት ዓመት ሕፃን አይበልጥም።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዱ ቡዳ በልቷት ነው ይላል፤ ሌላው የእናቷ ዛር ነው ይላል። የባሏ እናት እመይቴ አመለወርቅ ደግሞ ነገሩን አሳጥረው ጨርሰውታል። «አሞላቀቅሻት። እኔ ያን ሁሉ ልጅ ወልጄ ጆሮውን ይዞ የተቀመጠ አላየሁም።» ባሏ ቢሻው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ማታ ከእርሻ ደክሞ ሲገባ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስታድግ ይተዋታል።»

መላው የተገኘው በለቅሶ ቀን ነበር። የቢሻው አጎት በአቦ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ሙሾው ገና ሲጀመር የሺ ከእናቷ እጅ አምልጣ ጠፋች። ካሣነሽ ሕዝቡን ጥላ ፍለጋ ገባች። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ደኑ ጥቅጥቅ ብሎ በቁልቁለቱ ይወርዳል፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ድምፅ ይውጣል። ልጅቷ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር በደረቷ ተኝታ፣ ጉንጯን የዛፍ ሽበት ባበቀለው ሥር ላይ አሳርፋ፣ የጥድ ቅጠል በከንፈሯ ላይ ታመላልሳለች። እጆቿ ጆሮዋ ላይ አልነበሩም። ካሣነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። ለቅሶው እንዳመለጣት፣ ለዚያም እንደምትታማ ታውቃለች፤ ግን አልተነሣችም።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ልጇን አዝላ ወደ አቦ መውጣት ጀመረች። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓርብ የአብነት ተማሪዎች ከጥዱ ሥር ተደርድረው፣ እያንዳንዱ የራሱን ትምህርት በሙሉ ጉሮሮው ሲጮህ ደረሰች። ወደ ታች ወረደች። በሌላው ዓርብ እንጨት ለቃሚ ሴቶች አገኟትና ከበቧት። «ምን ሆና ነው? ማነው ያያት? የእገሊትም ልጅ እንዲሁ ነበረች፣ ሞተች።» ካሣነሽ ደግሞ ወደ ታች ወረደች። እንዲህ ስትወርድ ስትወርድ ገደል ልትገባ ምንም አልቀራት።

አንድ ዓርብ የወር አበባዋ መጣ። በዚያ ጊዜ ደኑን ያቀፈውን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ማለፍ አይፈቀድላትም። ቢሻው ገብስ ጭኖ ገበያ ሊወርድ ነው። እመይቴ አመለወርቅ ነጠላቸውን እየተከናነቡ፣ «እኔ እወስዳታለሁ፤ ምን ችግር አለው?» አሉ።

ካሣነሽ ጠረጠረች። «ከጥዱ ሥር ብቻ ያስቀምጡልኝ፣ እመይቴ። አያናግሯት፤ ሌላ ምንም አያድርጉ።»

«ልጅ መያዝ ልታስተምሪኝ ነው?»

ሰጠቻቸው። ፀሐይ ከፍ ስትል ከደኑ በኩል ሁካታ ሰማች። ሮጣ ከቅጥሩ በር ስትደርስ አማቷ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ቆመዋል፤ የሺ ነክሳቸዋለች። ከጥዱ ሥር አላስቀመጧትም። በቀጥታ ወደ ጸበሉ ወስደው፣ ሁለት ጎረምሶች ይዘውላቸው፣ ቀዝቃዛውን ውኃ በራሷ ላይ አውርደውባታል። የደብሩ ቄስ ወልደ ገብርኤልም አጥማቂ ናቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸልየዋል። ልጅቷ አጋንንት እንዳለበት ሰው ተወራጭታ አምልጣ ደኑ ውስጥ ገብታለች።

አሁን ደብሩ በሙሉ ይፈልጋታል። ከገበያ መንገድ ሳይቀር ሰው ተጠርቶ መጥቷል። «የሺ! የሺ!» ደኑ ያስተጋባል። የቀብር ጥሩምባ የሚነፋው ደሴ ጥሩምባውን ይዞ መጥቶ ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ይነፋል።

ካሣነሽ ከበሩ ውጭ ቆማ አየችው። መግባት አትችልም። ፍርሃቷ ሁሉ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«አባ፣» አለች ለቄሱ፣ «ሰዉን ዝም ያሰኙልኝ።»

«ልጅቷ ጠፍታለች እኮ፣ ልጄ። ካልተጠራች በምን ትሰማለች?»

«ስለምትሰማ ነው የማትወጣው። እንደብቃት ብትሉ ከዚህ የበለጠ አትደብቋትም። ደሴ፣ እባክህ እሱን ነገር ከአፍህ አውጣው።»

ደሴ ጥሩምባውን ዝቅ አደረገ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ግራ ተጋብተው መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ሁሉም ባለበት ይቀመጥ፤» አለች ካሣነሽ። «ማንም ስሟን አይጥራ። የሚጸልይም ካለ በልቡ ይጸልይ፤ እግዚአብሔር አይደነቁርም።»

ለቄስ እንዲህ ያለ ንግግር ተሰምቶ አያውቅም። ይሁንና እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ ፈልገው ሲቀመጡ ሰዉም ተቀመጠ። ዝም ማለትን ግን የለመደ አልነበረም። አንዱ ሳለ። አንዷ፣ «እስከ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላው «ዝም በይ ተብሏል» ብሎ ከሷ ይልቅ ጮኸ። ካሣነሽ ጥርሷን ነክሳ እያንዳንዳቸውን በዓይኗ ስታሳድድ ቆየች። በመጨረሻ የነፋሱና የወፎቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። እመይቴ አመለወርቅ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነበር።

ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ የቅጥሩን ግድግዳ ጥላ ስታሳጥር፣ ከአንድ አሮጌ ወይራ ቀዳዳ ውስጥ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እርጥብ ቀሚስ ወጣ። የሺ ሰዉን ሁሉ ድንጋይ እንደሆነ አድርጋ በመካከሉ አለፈች። በሩ ጋ ደርሳ ራሷን ከእናቷ ሆድ ላይ ደገፈች። አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ስትከፍት ካሣነሽ ጣቷን ቀሰረችባት፤ ሴትዮዋ እልልታዋን ዋጠችው።

በማግስቱ ቄስ ወልደ ገብርኤል ቤቷ ድረስ መጡ። «አጥፍቻለሁ» አላሉም፤ ከደኑ በስተምሥራቅ ያለው ጥግ ዓርብ ዓርብ ለእሷና ለልጇ እንዲተው ለደብሩ መናገራቸውን ብቻ ነገሯት። ተማሪዎቹም ያን ቀን ወደ ሌላ ዛፍ እንዲሄዱ ታዘዙ። ካሣነሽ እግራቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

መከራዋ ግን በዚህ አላበቃም። እመይቴ አመለወርቅ በየለቅሶ ቤቱ፣ «ጸበሉ ነው ያዳናት፤ እኔ ባልወስዳት ኖሮ» ማለት ጀመሩ። ልጅቷ አልዳነችም፤ አሁንም ስፌት ይወጋታል፣ አሁንም አህያ ሲያናፋ ጆሮዋን ትይዛለች። የተለወጠው ዓርብን በደም የማትጨርስ መሆኗ ነው። ይህም ለካሣነሽ ትልቅ ነገር ነበር፤ ግን ለማን ታስረዳ?

ቄሱም ሥራውን አክብረው ያዙት። ዓርብ በመጣ ቁጥር ከጥጉ አጠገብ ቆመው ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ «ዝም በሉ! ሕፃኗ ዕረፍት ላይ ናት!» እያሉ ደኑን ያናውጡታል። ካሣነሽ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን ተጠጋቻቸው።

«አባ፣ አይቀየሙኝ። የሚጮኹት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቄሱ ደንግጠው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ከጥዱ ተደግፈው ተቀመጡ። የሺ በሣሩ ላይ ተዘርግታ እጇን ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ አባን እንቅልፍ ወሰዳቸውና ማንኮራፋት ጀመሩ። ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች።

ካሣነሽ ሰማዩን ቀና ብላ አየች፣ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች፣ ልጇን አዝላ ሌላ ጥድ ፍለጋ ወደ ታች ወረደች።