ለጋሼ ይርጋለም ያሳነስኩት ውርርድ

ጉራ አይሁንብኝና እኔ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር እችላለሁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ አየር ማረፊያ ሴኪዩሪቲ ስለሆንኩ ሳምንቱን ሙሉ ሥራዬ የሰው ፊትና የሰው ሻንጣ ማየት ነው። እሑድ ደግሞ ካዚኖ ገብቼ የሰው ፊትና የሰው መወራረጃ ቺፕ አያለሁ። ልዩነቱ እሑድ ማንም ጫማውን አያወልቅልኝም።

የዚያን እሑድ ውድድር ያሸነፈ በጸደይ ለሚካሄደው ትልቁ ቶርናመንት መግቢያ ትኬት ያገኛል። ያንን ትኬት ስመኘው ኖሬያለሁ። ባሌ ኖኅ ግን ትዕግሥቱ አልቋል። «ዛሬ ካልሆነልሽ እሑድሽ የቤታችን ነው፤ ፖከር በቃ» አለኝ። «እሺ» ብዬ ጨብጬው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ተጫዋቹ ሁሉ ተራ በተራ ወድቆ ሁለት ቀረን፤ እኔና ጋሼ ይርጋለም። ጉድ እኮ ነው! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እሳቸው። ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤታችን ናቸው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ። ይህን ጨዋታ በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

የትምህርታቸው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ውርርድ የሚለካው በካርታው ብቻ ሳይሆን በቀረሽ ቺፕ ነው። በየዙሩ ካርታ ሳይታይ በግድ የሚቀመጥ፣ ብላይንድ የሚባል መነሻ አለ። የሠላሳ ብላይንድ ቺፕ ሲኖርሽ ሬይዝ ብለሽ ሁለት ወርውረሽ፣ ካላማረሽ ፎልድ ብለሽ ካርታሽን ትተሽ ብትወጪ አይጎዳሽም። አሥር ገደማ ሲቀርሽ ግን ሁለት እየወረወሩ መሸሽ ራስን ቆርሶ ቆርሶ መጨረስ ነው። ያኔ ወይ ትተዪዋለሽ፣ ወይ ኦል ኢን ብለሽ ያለሽን ሁሉ ትገፊያለሽ።

ይህን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስትም። ታዲያ ጋሼ ይርጋለም ፊት ለፊቴ ሲቀመጡ ምን ነካኝ? በሠላሳ ብላይንድ ጀመርን። ሁለት ወረወርኩ፤ ሲጨምሩብኝ ተውኩላቸው። እንደገና ወረወርኩ፤ እንደገና ተውኩ። ብላይንዱ እየጨመረ፣ ቺፔ እየመነመነ፣ ወደ አሥራ ሁለት ብላይንድ ወረድኩ። እኔ ግን አሁንም ሁለቴን እወረውራለሁ። በሽማግሌ ላይ ሁሉንም መግፋት እሳቸው ቆመው እኔ እንደመቀመጥ ሆኖ ታየኝ። ለእሳቸው መውጫ ልተው ብዬ ራሴ ልወጣ ነው!

ጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ ሌላ ክልክል ስለሆነ ጋሼ ይርጋለም እረፍት ጠበቁ። እንደወጣን ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«ቅድስት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምነው ጋሼ?»

«ምነው ትላለች ደግሞ! አሥራ ሁለት ብላይንድ ይዘሽ ትንሽ ሬይዝ፣ ከዚያ ፎልድ? እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ? ያንን ፈረንጅ ቅድም እንዴት ኦል ኢን ብለሽ እንዳባረርሽው አይቻለሁ። ለእኔ ሲሆን ታዝኛለሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ እንዴት ብዬ...»

«ትኬቱን እፈልገዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን በምጽዋት አልወስድም። የሚታዘንለት ሰው ነኝ እንዴ?»

አፈርኩ፤ ከማፈሬ ግን ንዴቴ በለጠ፤ በራሴ ነው የተናደድኩት። አክብሮት ያልኩት ነገር ለካ ንቀት ኖሯል። ደግሞስ እሑዴን በይሉኝታ ላስረክብ? ወይ ፍንክች!

ተመልሰን ተቀመጥን። ጋሼ ይርጋለም እንደለመዱት ትንሽ ወረወሩ። እጄ ላይ አንድ አስና አንድ ዘጠኝ አለ።

«ኦል ኢን» አልኩና ቺፔን በሁለት እጄ ገፋሁት።

ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ተቀበሉ። ንጉሥና ንግሥት ነበር የያዙት፤ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉት የጋራ ካርታዎች አንዱም አልረዳቸውም፤ የእኔ አስ በለጠ። ቺፔ እጥፍ ሆነና እኩል ለእኩል ተፋጠጥን።

ቺፕ ካለሽ ደግሞ መጣደፍ ሞኝነት ነው። አሁን ትንንሽ መወርወሬ ለማክበር አልነበረም፤ ልኩ እሱ ስለሆነ ነው። ሲተዉ እየለቀምኩ፣ ሲገፉ እየተውኩ፣ ቀስ በቀስ አሳነስኳቸው። በመጨረሻ የቀራቸውን ሁሉ ገፉ። ሁለት ስምንት ይዤ ነበርና ሳላመነታ ተቀበልኩ። ስምንቶቼ አሸነፉ፤ ትኬቱም የእኔ ሆነ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ጠረጴዛውን ደበደብኩት!

ከዚያ ደንገጥ ብዬ ብድግ አልኩና አጎንብሼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል፣ ጋሼ ይርጋለም እጃቸውን አወራጩ።

«ተይ፣ ቁጭ በይ። ይልቅ ያንን አስና ዘጠኝ... ምን አይተሽብኝ ነው የገፋሽው?»

እሳቸው ስለ ፖከር እኔን ሲጠይቁኝ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«እርስዎን አላየሁም ጋሼ» አልኳቸው። «ያየሁት የራሴን ቺፕ ነው።»