ያልተለየው ሽሮፕ

መጋዘን ያለው የልጆች ሳል ሽሮፕ መጥቆር ከጀመረ ወዲህ፣ ኬሚስቷ በምርመራው ላይ ንጥረ ነገሮቹን ከሚለየው ቱቦ፣ ከኮለሙ፣ በቀር ያልቀየረችው ነገር የለም። ፈሳሹን ቀየረች፣ አሲዱን ጨመረች ቀነሰች፣ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ አደረገች። ስድስት ሳምንት፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! መድኃኒቱና ሲበላሽ የሚፈጥረው መርዝ ከዚያች የብረት ቱቦ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አንድ የሚያምር ጉብታ፣ አንድ ፒክ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ዱቄት ሁለቱን አይለያቸውም። ሌላ ኮለም እንሞክር" አለችው የክፍል ኃላፊውን፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

"ሃያ ዓመት የሠራሁት በዚህ ዓይነት ኮለም ነው። እጅሽን ፈትሺ።"

አንጀቷ አረረ። እጇን! ኮለም ጡረታ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ያኛው ድሮ በተሸኘ ነበር።

አርብ ጠዋት ጋሼ ስብሰባ ሲገባ ዕቃ ቤት ወረደች። ሁለት ዓመት ሳይከፈት የተቀመጠ ሌላ ዓይነት ኮለም አገኘች፤ ቀለበት ያላቸውን ሞለኪውሎች ይዞ የሚያቆይ። መርዙ ደግሞ ከመድኃኒቱ በአንድ ቀለበት ይበልጣል። ገጠመችው፣ ፈሳሽ አሳለፈችበት፣ ናሙናውን ሰጠችው። በስምንተኛው ደቂቃ መድኃኒቱ ወጣ። በአሥራ አንደኛው ያ ማፈሪያ መርዝ ለብቻው ብቅ አለ።

ጋሼ ተመልሶ ስክሪኑን አየና "ማን ፈቀደልሽ?" አላት።

"መርዙ ከተፈቀደው አራት እጥፍ ነው፣ ጋሼ!"

"ለምርመራው በሕግ የተመዘገበው የድሮው ኮለም ነው። በእሱ ያየሽውን ጻፊ፤ ሽሮፑ ሰኞ ይወጣል።"

"በእሱማ ምንም አላየሁም! አልጽፍም!"

ጋሼ አልተቆጣም። መሳቢያውን ከፈተና ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ባለፉት ወራት ወደ ገበያ የወጡት የሦስት ዙር ሽሮፖች ማረጋገጫ ነው። "እነዚህስ? ፊርማው የኔ ነው?"

የእሷ ነበር። በድሮው ኮለም ያንን አንድ ፒክ አይታ "እንዴት ንጹሕ ነው!" ብላ ደስ እያላት ነበር የፈረመችው። ሙሉ ስድስት ሳምንት ጋሼን ስትረግም ከርማ፣ አሁን በራሷ ላይ ደሟ ፈላ። ስንት እናት በማንኪያ እየለካች ሰጥታ ይሆን?

ወረቀቶቹን ሰብስባ ስልኩን አነሳችና ወደ መድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ ደወለች። ጋሼ "ተይ፣ ልጄ፣ ራስሽን ነው የምታጠፊው" እያለ ነበር።

"ሦስት ዙር የልጆች ሽሮፕ ዛሬውኑ ከገበያ ይሰብሰብ" ብላ የዙሮቹን ቁጥር ከወረቀቶቹ ላይ አንድ በአንድ አነበበች።

"ማን ብዬ ልመዝግብ? ጠቋሚ ነዎት?" አላት ስልኩን ያነሳው ሰውዬ።

"አይደለሁም" አለች። "ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"