ሮሳ ማናት?

በባውዶ ወንዝ ሽቅብ ወደ መንደራችን የመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ እትዬ ሳቱሪያን ማናገር ይፈልግ ነበር። እሷ ግን "ዓሣዬ ይበላሽብኛል" ብላ በሯን ትዘጋለች።

አምና ማራይከ የምትባል ሆላንዳዊት ጋዜጠኛ በቤተ ክርስቲያን ጀልባ መጣች። አካባቢውን የያዙት ታጣቂዎች ከመንደር እንዳንወጣ ከከለከሉን አምስተኛ ወሩ ነበር። ወደ ሙዝ ማሳው በሚወስደው መንገድ ፈንጂ ስለቀበሩ የምንበላው ከወንዙ የሚወጣውን ብቻ ነው።

እትዬ ሳቱሪያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ለዚህችኛዋ አራት ሰዓት ሙሉ አወራች። እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነኝና አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። የነገረቻት ይህን ነው፦ ታጣቂዎቹ ልጇን ዩርሌይዲስን ለውትድርና ሊወስዱ ሲመጡ በጓሮ አስመለጠቻት፤ በማግስቱ ቤቷን አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት የልጅቷን ድምፅ አልሰማችም።

ጽሑፉ ትልቅ ሽልማት አገኘ። ትርጉሙ ስልኬ ላይ ሲደርሰኝ ሄጄ አነበብኩላት። እሷ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ታዳምጣለች።

"ቆይ እስቲ መምህር፣ ሮሳ ማናት?"

"አንቺ ነሽ።"

"እኔ? ምን ነካህ፣ አብደሃል?"

"ለደኅንነትሽ ብለው ስምሽን ቀይረውት ነው፣ እትዬ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "የሚገድሉኝ ሰዎች ስሜንም አሁን ያለሁበትን ቤትም ያውቃሉ! በሕይወት መኖሬን የማታውቀው ልጄ ናት። ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ለማን መሰለህ?"

እዚያው ለማራይከ ደወልን። ሳላማክርሽ መቀየሬ ጥፋቴ ነው አለች። ቀጥላም፣ "ግን ስምሽ ቢወጣ አደጋ አለው" አለቻት።

"አደጋው ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ። አንቺ ስሜን ጥሪልኝ። የልጄን ግን እንዳታነሺ።"

ማራይከ ሽልማቱን በተቀበለች ዕለት መድረክ ላይ ቆማ፣ "ሮሳ ያልኳት ሴት ሳቱሪያ ሂኔስትሮሳ ናት፤ በሕይወት አለች፣ በመንደሯ ትኖራለች" ብላ ተናገረች። ንግግሯን በአውራጃችን ዋና ከተማ በኪብዶ ያለ አንድ ሬዲዮ አስተላለፈው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ዩርሌይዲስ ነበረች፤ ተማሪዬ ስለነበረች ስልኬን ታውቃለች። ሮጬ ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።

"እማዬ፣ ሞታለች ብለውኝ ነበር እኮ! ደግሞ ስምሽን በሬዲዮ ታስነግሪያለሽ? እንዲገድሉሽ ነው?"

"አትጩኺብኝ። በልተሻል?"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናትየው የት ነሽ ብላ አልጠየቀችም፤ ልጅቷም አልነገረቻት። አሁን እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ በየጊዜው በሌላ ቁጥር። ታጣቂዎቹ አልሄዱም። የሙዝ ማሳውን ሰው ስለማይደርስበት ዳዋ ውጦታል።