ያልታጠበው ኮፍያ

«ሰማችሁ? እሷም እያለቀሰችለት ነው» አለች አንዲት ጎረቤት ዓይኗን እየጠረገች።

ላሚቱ ከጓሮ እንደገና ጮኸች። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ከንፈሩን መጠጠ። የሟች ሚስት ግን ለቅሶ እንዳልሆነ ታውቃለች። ላሚቱ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ሕመሙ ጠንቶባት ነው የምትጮኸው።

«ወንድሜን ገድላ ደግሞ ታላዝናለች!» አለ ዋርሳዋ። «ነገውኑ ለሉካንዳ ቤት ትሰጥ።»

«ወተት ሸጠን ነው የኖርነው። እሷን ሰጥቼ በምን ልኑር?»

«አልታለብም ካለች ምን ትጠቅምሻለች? ላም አለኝ በሰማይ!»

እውነቱን ነው። ላሚቱ ጥጃዋ ከሞተባት ወዲህ ወተቷን የምትለቀው የሟቹ ሽታ ሲሸታት ብቻ ነበር። ከቀብር መልስ ሚስትየው የባሏን የሥራ ቱታ ለብሳ ልታልባት ሞክራለች፤ ላሚቱ አሽትታት ባልዲውን በእርግጫ አነሳችው። ቱታው በረኪና በረኪና ይላል።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» ብላ ነበር የሟች እህት። «ሰው ሲመጣ እንዳታፍሪ ብዬ ልብሱን ሁሉ ዘፍዝፌ አጠብኩልሽ። ምን አጠፋሁ?»

ያንን የባሏን ሽታ ስትረግም የኖረችው ሚስትየው ራሷ ናት።

«በዚህ ሽታ አልጋዬ ላይ አትወጣም!» ትለው ነበር። ከበረት ሲመለስ ኮፍያውን ከጓሮ በር ውጭ ሚስማር ላይ ይሰቅልና፣ እዚያው ቆሞ ክንዱን እስከ ብብቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይፈትጋል። እበቱ ይለቃል፤ ሽታው አይለቅም። የኋላ ኋላ ሶፋ ላይ መተኛት ለመደ። «የበረቷ እመቤቴ እንኳ አታማርርም» እያለ ይስቅ ነበር። ያቺው እመቤቱ፣ የቆሰለ ጡቷን ሲያክምላት በርግጋ ከግድግዳ ጋር አጣበቀችው። የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳምባውን ወጋው።

ላሚቱ ጮኸች። ሚስትየው ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?» እህትየው ቀሚሷን ያዘቻት።

«ያለውን ይበል።»

ኮፍያው ሚስማሩ ላይ ነበር። ውጭ ስለሚያድር እህትየው አይታ አላጠበችውም። ጠርዙ በላብና በእበት ደርቋል። ሚስትየው ሻሿን አውልቃ ኮፍያውን አጠለቀችና በረት ገባች። ላሚቱ አንገቷን አዙራ አሸተተችው፤ ደግማ አሸተተችው፤ በረጅሙ ተነፈሰች። ሚስትየው እሱ እንደሚያደርገው ግንባሯን የላሚቱ ጎን ላይ አስደግፋ ማለብ ጀመረች። መጀመሪያ መግልና ደም መጣ። ቆይቶ ወተት።

«አንቺ እርጉም» አለቻት ጥርሷን ነክሳ። «ገድለሽውም ትናፍቂዋለሽ?»

የተበላሸውን ወተት ቦይ ውስጥ ደፋችው። በሩ ጋ ስትደርስ ሚስማሩን አየችው፤ አልፋው ገባች።

«ኧረ ኮፍያው! ቤቱን አገማሽው እኮ። አምጪው ልጠብልሽ» አለች እህትየው።

ሚስትየው ለቀስተኛውን አቋርጣ መኝታ ቤት ገባች። ኮፍያውን አውልቃ፣ ከግድግዳው በኩል ያለው፣ ስንት ዓመት ማንም ያልተኛበት የባሏ ትራስ ላይ አስቀመጠችው።