ስም ያለበት ሳህን

በእኛ ከተማ የገደሉትን ነገር ስሙን ያስቀሩታል። አጋዘኖቹ ተባርረው ያለቁበት መሬት ላይ የተሠራው መንደር «የአጋዘን ሜዳ» ተባለ። ምንጩን በአፈር ደፍነው፣ በላዩ አስፋልት አልብሰው፣ ለተሠራው የገበያ አዳራሽ «ንጹሕ ምንጭ» የሚል ስም አወጡለት። እኔና ባሌ ሃርላን ወደዚህች ከተማ፣ ወደ ሃርግሮቭ ስንመጣ ዙሪያው ሁሉ የኮክ እርሻ ነበር። በሐምሌ መስኮት ከፍተን ስንተኛ የበሰለ ኮክ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። ዛሬ እዚያው ቦታ «የኮክ አትክልት» የሚባል መንደር አለ፤ አንድም የኮክ ዛፍ ግን የለበትም። መትከል የፈለገ ሰው የመንደሩን ማኅበር ማስፈቀድ ይኖርበታል፤ ማኅበሩም ፍሬ የሚያረግፍ ዛፍ አይፈቅድም። ፍሬ ንብ ይጠራል፣ የመኪና ቀለም ያበላሻል ይላሉ።

ከተማዋ ያደገችው በሽሽት ነው። ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ከተማ ሰው እየሸሸ መጣ። ለምን መጣችሁ ሲባሉ ሁሉም በአንድ አፍ «ለትምህርት ቤቱ ብለን ነው» ይላሉ። ልጅ የሌላቸውም እንደዚያው ይላሉ። ትርጉሙ ለማንም አይጠፋም፤ ጥቁር ቤተሰብ ጎረቤታቸው ቤት በገዛ ማግስት የመጡ ናቸው። እዚህ ከደረሱ በኋላ ደግሞ እርስ በርሳቸው መሸሽ ጀመሩ። በረንዳ ከቤት ፊት ተነሥቶ ጓሮ ገባ፤ በቦታው የመኪና ቤት በር ተተከለ። ሰው ከመኪናው ጋር ወጥቶ ከመኪናው ጋር ይገባል፤ ጎረቤቱን የሚያውቀው በመኪናው ቀለም ነው። ቤቶቹ ለሦስት ቤተሰብ ይበቃሉ፤ ዕቃቸው ግን አልገባ ብሏቸው በየመንገዱ ዳር መጋዘን ይከራያሉ። ሳሩን ውሃ ያጠጡታል፤ መርዝ ይረጩበታል፤ ልጅና ውሻ እንዳይረግጠው ትንንሽ ባንዲራ ይሰኩበታል፤ ሲያድግ አጭደው በከረጢት ይጥሉታል። ይህን ውበት ይሉታል።

ሃርላን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። በእግሩ የሚሄድ ሰው ነበር። ይህ በሃርግሮቭ እንደ በሽታ ይቆጠራል። መኪና አጠገቡ ቀስ ይልና መስኮት ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ቤንዚን አልቆብህ ነው?»

«የለም፣ ወተት አልቆብን ነው» ይላቸዋል። ቀልድ መስሏቸው ስቀው ይሄዳሉ፤ እሱ ግን እውነትም ወተት ሊገዛ ነው የሚሄደው።

የምንኖርበት መንገድ «የወፍጮ መንገድ» ይባላል። ወፍጮ የለም። ጠባብ የገጠር መንገድ ነበር፤ የከተማው ምክር ቤት እንደ አውራ ጎዳና ሰፊ ሊያደርገው ሲነሣ ሃርላን ተቃወመ። በየወሩ ስብሰባ ላይ ይቆማል። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከፊቱ ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ብጫ ትሆናለች፣ ቀይ ስትሆን ጊዜው አለቀ ማለት ነው። ሌላው ሰው ቀዩን አላየሁም ብሎ ይቀጥላል። ሃርላን ግን ቀይ ሲበራ ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል።

«ቢያንስ የጀመርከውን ዓረፍተ ነገር ጨርስ እንጂ!» እለው ነበር በመኪና ስንመለስ።

«ሰዓቱ የእነሱ ነው፣ ኮሪን። የቀረውን በሚቀጥለው ወር እነግራቸዋለሁ።»

ባለፈው መጸው በዚያው መንገድ ዳር ሳር ላይ ተቀምጦ ሞተ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ መቆም ሲያቅተው ተቀመጠ። የሚያልፉት ሰዎች አዩት። የደወሉም ነበሩ። የደወሉት ግን ሰው ታሟል ብለው አልነበረም፤ የማይታወቅ ሰው ሳር ላይ ተቀምጧል ብለው ነው። ስለዚህ አምቡላንስ ሳይሆን ፖሊስ መጣ፤ ያውም ሳይቸኩል። ይህን የነገረኝ ራሱ ፖሊሱ ነው፤ ሲነግረኝ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሣም።

በሰኔ መጀመሪያ ማርሊስ ኬተሪንግ መጣች። የምክር ቤት አባል ናት፤ ቤቷ ከእኛ ሦስተኛው ነው። በመኪና መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃችንን ስትረግጥ በሁለት እጇ የመስታወት መጋገሪያ ሳህን ይዛ ነበር፤ ፓስታ በቱና ዓሣ፣ ከላዩ የተፈረፈረ ድንች ጥብስ። በእኛ አገር ሐዘን ያለበት ቤት እንዲህ ያለ ምግብ ይመጣል፤ ሳህኖቹም ከብዛታቸው የተነሣ እንዳይጠፉ ሴቶቹ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፉበታል። የለቅሶ ሳህን ሳይመልሱ ማስቀረት ነውር ነው። ሌሎቹ በቀብሩ ሰሞን አምጥተዋል፤ ማርሊስ ግን ቀብሩ ሳይደርስ ፍሎሪዳ ሄዳ ነበር።

«ኮሪንዬ! ውይ፣ ይኼን ሁሉ መጽሐፍ አንቺ ነሽ የምታነቢው?»

«ሁለታችንም ነበርን።»

«እኔስ ገጹን ሳልገልጥ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። በይ ይኼን ብዪ፣ ከስተሻል። ለሳህኑ አትቸኩዪ፤ ስሜ ከሥሩ አለ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደስ የሚል ወሬ ይዤልሽ መጣሁ። መንገዳችን በዚህ ወር ያልቃል አይደል? ስሙን ልንቀይረው ነው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ማን ሊባል መሰለሽ? የሃርላን ሆስኪንስ ጎዳና!»

እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ሙቅ ዓሣ ይሸተኝ ነበር።

«ሃርላን እኮ መንገዱን ተቃውሟል፣ ማርሊስ።»

«እሱማ! ለዚያ መንገድ እንደ እሱ የተጨነቀ ማን አለ? በየወሩ ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያወራው።»

«እንዳይሰፋ ነበር የሚያወራው።»

«ኧረ ተይ፣ ያለፈውን አታንሺ። አሁን የእርቅ ጊዜ ነው። አንቺ ጨርቁን ሳብ ታደርጊያለሽ፣ ሰሌዳው ይገለጣል፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ኬክም አለ።»

«የእግረኛ መንገድስ ይኖረዋል?»

ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። «ነዋሪው አይፈልግም፣ ኮሪንዬ። የእግረኛ መንገድ ከተሠራ ሰው ይሄድበታል።»

«የሚሠራው ለዚያ አይደል?»

«የማናውቀው ሰው ማለቴ ነው።» እጄን ያዝ አደረገችኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለራሴም መጽናኛ የሆነኝን። ያን ቀን አይቼዋለሁ። እሱ መሆኑን ግን አላወቅሁም፤ ስብሰባ ላይ ቆሞ ነው የማውቀው፣ ካፖርት ለብሶ አይቼው አላውቅም። ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያልፍ እኔ ወዲያው ደወልኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሰው ሳር ላይ ተቀምጧል ብዬ።»

«ታሟል አልሻቸው?»

«በምን አውቄ? እየነዳሁ እኮ ነው! የሰፈራችን ሰው አይመስልም፣ እዩት አልኳቸው።» እጄን መታ መታ አደረገችው። «ቢያንስ አልፌው አልሄድኩም።»

ምን እንደነገረችኝ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳት። በሩ ድረስ ሸኘኋት፤ ምግቡን ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ሳህኑን በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ጠረኑ አልለቅ ብሎኝ ደግሜ አጠብኩት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሃርላን ስም ግን ከመቃብሩ በላይ ሊውል የነበረው ከትራፊክ መብራት ጎን ተንጠልጥሎ ነው። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ «ሆስኪንስ ተጨናንቋል»፣ «ሆስኪንስ ላይ ሁለት መኪና ተጋጭቷል» ሲሉ ልሰማ። «የት ልጠብቅሽ?» «ሆስኪንስ ላይ፣ መኪና አጣቢው ጋ።» ገድለውት ለቀስተኛ ሆኑ፤ ያ አልበቃ ብሏቸው ስሙን ሊነዱበት። ከቀበርኩት ወዲህ ከዚህች ከተማ አንዳች ነገር ፈልጌ አላውቅም። አሁን አንድ ነገር ፈለግሁ፤ ስሙን ከዚያ መንገድ ላይ ማስነሣት።

ስብሰባው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ እንደተለመደው ቀዝቃዛ ነው፤ በበጋ ሹራብ የሚለበስበት ቤት ነው። ስሜ ሲጠራ ሳህኑን ይዤ ተነሣሁ። ከንቲባው ዴል ቮርሂስ ጥርሱን ገለጠልኝ።

«ወይዘሮ ሆስኪንስ፣ ሕጉ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ለእርስዎ ግን አንቆጥርም።»

«ቁጠሩ» አልኩት።

አረንጓዴው በራ።

«የባለቤቴን ስም ከመንገዱ ላይ እንድታነሡልኝ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ትሕትናቸውን አያችሁ?» አለ ከንቲባው ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ሃርላንም ልክ እንዲህ ነበር!» ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት ሴት ከኋላ «ተባረኪ!» አለችኝ። አንዱ ደግሞ ለጎረቤቱ «እኔ ብሆን ሐውልትም እጠይቅ ነበር» ሲል ሰማሁት። ተሳሳቁ። ማርሊስ መድረኩ ላይ ሆና ዓይኗን በሶፍት ጠረገች። እነዚህ ሰዎች እንቢታን እንኳ እንደ ምስጋና ነው የሚሰሙት። እስኪጨርሱ ቆየሁ። ብጫው በራ።

ሄጄ ሳህኑን ከማርሊስ ፊት አስቀመጥኩት።

«ማርሊስ፣ ሳህንሽ ይኸውልሽ። በየሰው ቤት ጠፍቶ እንዳይቀርብሽ ስምሽን ጽፈሽበታል፤ ደግ አድርገሻል። የእኔንም ስም እንዲሁ መልሽልኝ። እንቢ ካልሽ ግን፣ ያ ሰሌዳ ተሰቅሎ እስካለ ድረስ፣ ሰውዬው ማን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግረዋለሁ። የት እንደተቀመጠ፣ ማን አይቶት እንዳለፈ፣ የደወለችውም ምን ብላ እንደደወለች…»

ቀዩ በራ። የቀረኝ ነገር ነበር።

«አመሰግናለሁ» ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ማርሊስ ፈገግታዋን እንዳለ ይዛ ሳህኑን አየችው፤ ቀልዱን የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ገለበጠችው። ስሟ እዚያው ነው፤ ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም። ከዚያ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች። እጇ ላይ የቀረው ሶፍት መሬት ወደቀ።

«ክቡር ከንቲባ… ሐሳቡን ትቼዋለሁ።»

«የቱን ሐሳብ?»

«ስሙን። ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ትቼዋለሁ።»

«እንዴ ማርሊስ፣ ኬኩ እኮ ታዝዟል! ስሙ ተጽፎበታል!»

«ትቼዋለሁ አልኩህ፣ ዴል!»

መንገድ ያለ ስም አይከፈትምና ሌላ ስም መፈለግ ጀመሩ። ለማስፋፊያው ሲባል በሚያዝያ የመጨረሻዎቹ የኮክ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ ጉቶዎቹ ገና ከዳር ተከምረው ነበር። አንድ ሰው ከኋላ «የኮክ ጎዳና ይባል!» አለ። ሁሉም እጁን አወጣ። አጨበጨቡም። የደስታ ስሜት ከየት ይምጣልኝ፤ እጄን መታጠብ ብቻ ነው ያማረኝ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ አስፋልቱ አዲስ ስለሆነ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ከዳሩ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ወዲያ ሳር። በሳሩ ላይ ሄድኩ። ከመጋዘኖቹ ትይዩ፣ ሃርላን ተቀምጦ የሞተበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። በመኪና አልፌው አውቃለሁ፤ በእግሬ ግን አልደረስኩበትም ነበር። ተቀመጥኩ። እዚያ ያሰብኩትን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

መኪኖቹ እየቀነሱ እያዩኝ አለፉ። አንደኛው መስኮቱን አወረደና መልሶ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ። ያን ጊዜ የነገረኝ ፖሊስ አይደለም፤ ሌላ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ደህና ነዎት?»

«ሰው ደውሎ ነው?»

«አዎ።»

«ታማለች ነው ያለው፣ ወይስ ማን ናት?»

ቆቡን ነካ አደረገ። «ማን ናት ብለው ነው።»

ትከሻው ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አወቅህ ወይ ይለዋል። ልጁ አየኝ።

«ሆስኪንስ» አልኩት።

«ሆስኪንስ» አለ ወደ ሬዲዮው።

«ማን? ፊደሉን ንገረኝ» አለ ሬዲዮው።

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ሬዲዮውን ወደ እኔ አስጠጋልኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ፊቴ ላይ የሚበራ ቀይ መብራት አልነበረም።